የቁም ሰው ሙሾ

ስሜነሽን ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። እንጅባራን እስከ ዛሬ «ቆሰበር» ማለት ያልተዉት የሰፈሯ ሽማግሌዎች «እሷን አትፈልጋት፤ አንድ ቦታ ቁም፣ ዞራ ትመጣለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት ገበያ ውስጥ ድንች ስትሸጥ ትታያለች፤ አንድ ሁለት ደንበኛ እንደሸኘች ድንቿን አጠገቧ ለምትሸጠው ለማናየሽ አደራ ትልና ወደ መናኸሪያ ትወርዳለች። ከቻግኒ መስመር የገባ ሚኒባስ ካለ ሾፌሩን ትጠይቃለች፣ ረዳቱን ትጠይቃለች፣ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ተመልሳ ድንቿ ጋ ስትደርስ ደግሞ ስልኳ ኔትወርክ ይዞ እንደሆነ ለማየት ወደ ጉብታው ትወጣለች። ማናየሽ «አንቺን ሲጠብቅ ድንቹ በቀለ እኮ!» ብላ ታሾፍባታለች። ስሜነሽ ግን መሳቅ ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ነገሩ የልጅ ነገር ነው። ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ገና በጡት ሳሉ ቀብራለች። አራተኛው ሲመጣ ስሙን ቢያድግልኝ አለችው፣ አደገላትም። ባሏ ሲሞት እንኳ «ቢያድግልኝ አለልኝ» ብላ ቶሎ ቀና ያለች ሴት ናት። ልጁ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ከአብሮ አደጉ ከደርበው ጋር ወርቅ ሊቆፍር ወደ መተከል ወረደ። ድንች ሸጦ ቤት የሠራ የለም፣ ወርቅ ቆፍሮ የሠራ ግን አለ ብሎ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ደርበው ብቻውን ተመለሰ። «ቢያድግልኝ ከሰዎች ጋር ሱዳን ተሻገረ። ሲደላደል ይደውላል» አላት። ከዚያ ወዲህ ደርበው የሰው ባጃጅ ይዞ ከተማውን ያካልላል፤ ስሜነሽን ሲያይ ግን ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋል። እሷም ይህን አይታለች። ጓደኛውን የሰው አገር ጥሎ የመጣ ልጅ ማፈሩ ምን ይገርማል ብላ አለፈችው።

የዚህች ሴት ሌላው ሥራዋ ማልቀስ ነው። አትሳቁ፣ ቆሰበርና ዙሪያው ላይ ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አናጢው አጎቷ ሞተና የተጠራችው አልቃሽ ዘገየች። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ዝም ብሎ ቆመ። ያኔ ስሜነሽ ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ፦

«የሰው ቤት ሲያቆም፣ ሲያዋቅር ሲማግር፣
የራሱ ዘመመ ሳይመታበት ምስማር»

አለችና ግቢው ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከከተማ እስከ ጥርባ፣ ከጥርባ እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ ሰው በሞተ ቁጥር ይላክባታል። በአማርኛም በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚም ታለቅሳለች። እንዲያውም ቀልደኞች «ስሜነሽ ካልመጣች ሟቹ ራሱ መሞቱን አያምንም» ይላሉ። ሞያዋን ግን ለአንድ ሰው ከልክላለች። ልጇ በጠፋ በሁለተኛው ዓመት የባሏ ወንድምና የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያለ ልጅ የለም፣ ሬሳ ባይኖርም ልብሱን አውጥተን እናልቅስለት፣ አንቺም እርም አውጪ አሏት። በሩ ላይ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ ሁለት እጇን በመቃኖቹ ላይ ዘርግታ፦

«ለቁም ሰው አይለቀስም! ለቁም ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ልጄ ሱዳን ነው። ሂዱልኝ!» አለች። ሄዱላት።

ታዲያ አንድ ፊልም ሠሪ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ጢሞቲዎስ ይባላል። ዳንግላ ተወልዶ ያደገ የወንጌላዊ ልጅ ሲሆን አዲስ አበባ ሄዶ ፊልም ተምሯል። አሁን የራሱን ሊሠራ አገሩ ገብቷል። ታሪኩ የጣሊያን ዘመን ነው፦ ዳንግላ ውስጥ የተደበቀ የሩቅ አገር መልዕክተኛ አለ፣ ወራሪው በየበሩ እየፈለገው ነው፣ በሱዳን በኩል በስውር ካልወጣ ይሰቀላል። በመንገዱ ሁሉ ኬላ ተተክሏል። ያኔ አንዲት የባላገር ሴት መልዕክተኛውን ገንዛ ቃሬዛ ላይ ታስተኛውና የገዛ ልጇ እንደሆነ አድርጋ በልጇ ስም እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች ኬላውን ታሳልፈዋለች። ልጇ ግን በሕይወት አለ፣ በረሃ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነው። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ ጢሞቲዎስ አይዋሽም። «ግማሹን ከሽማግሌ ሰማሁት፣ ግማሹን ፈጠርኩት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አሁን እኔም ተምታቶብኛል» ይላል።

መልዕክተኛውን የሚሆን ኪዳኑ የሚባል ቀይ፣ ረጅም ተዋናይ ከአዲስ አበባ ይዞ መጥቷል። እናቲቱን የምትሆነውን ግን ከዚሁ ፈለገ። እውነተኛ አልቃሽ ነበር የሚፈልገው። የጠየቀው ሰው ሁሉ አንድ ስም ነው የጠራለት። ገበያ ሄዶ ሦስት ጊዜ አጣት፣ በአራተኛው ሽማግሌዎቹ እንደመከሩት አንድ ቦታ ቆመና አገኛት። ታሪኩን ቆማ ሰማችው። አንዲት እናት በቁሙ ላለ ልጇ ታለቅሳለች የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ይቅርብኝ ልጄ። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«እትዬ ስሜነሽ፣ ፊልም እኮ ነው። እውነት አይደለም።»

«ሙሾ ሙሾ ነው። ውሸት የሚባል ሙሾ የለም።» ይህን ብላ ወደ መናኸሪያው ልታመራ ካለች በኋላ እንደገና ዞረች። «ይሄ ፊልም የምትለው የት ነው የሚታየው?»

«መጀመሪያ ሲኒማ ቤት፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ እንጭነዋለን። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ሱዳንም?»

«ሱዳንም፣ ዓረብ አገርም፣ የትም።»

ስሜነሽ ወደ መናኸሪያው መሄዷን ተወች። አሁን በውስጧ ምን እንደተነሳ ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ልጇ የሆነ አገር፣ የሆነ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከሰው ስልክ ላይ የእናቱን ፊት ሲያይ ታያት። እማዬ ናት ብሎ ሲነሳ፣ ሲደውል ታያት። ልቧ በአንዴ ሄዶ ተመለሰ። ሟርቱም አልጠፋትም፣ ተስፋው ግን በለጠባት።

«ሁለት ነገር አለኝ» አለችው። «አንደኛ፣ ፊቴን አልሸፍንም፤ ሰው ሲያየኝ ማን እንደሆንኩ ይወቀኝ። ሁለተኛ፣ የልጄን ስም በአፌ አታስጠራኝም።»

«የፊልሙ ልጅ ውብአየሁ ነው የሚባለው። እሱን ነው የሚጠሩት፣ የእርስዎን ልጅ ስም ማንም አያነሳም» አላት። ጢሞቲዎስ ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር።

ቀረጻው ከከተማ ወጣ ብሎ በጥርባ አቅጣጫ ባለ የገጠር መንገድ ላይ ተጀመረ። ያችን መንገድ ለማግኘት ጢሞቲዎስ ስንት ጫማ ጨርሷል! የጣሊያን ዘመን ኮረብታ ይፈልጋል፣ ኮረብታው ሁሉ ግን ለከሰል በሚተከለው በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል። ዲከረንስ ደግሞ ትናንት የመጣ ዛፍ ነው። ዛፍ የሌለበት ሲገኝ የመብራት ምሰሶ አለ፣ ምሰሶ የሌለበት ሲገኝ ቆርቆሮ ቤት ብቅ ይላል። በመጨረሻ በሁለት ማሳ መሃል የምታልፍ፣ ምንም የማይታይባት አንዲት ቁራጭ መንገድ ተገኘች። አሥራ ሁለት ለቀስተኞች ከከተማ በቀን ተቀጥረው መጡ። ልብሱ አላስቸገረም፣ ጋቢና ነጠላ የዚያን ጊዜም ነበር፤ የላስቲክ ጫማቸውን ብቻ አስወለቋቸው። ኪዳኑን ገንዘው ቃሬዛው ላይ አስተኙት።

በመጀመሪያው ቀን ስሜነሽ አልሆነላትም። ከቃሬዛው ኋላ ትከተላለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ አፏም ይሠራል፦

«ውብአየሁ ልጄ ሆይ፣ ተነስ ከአልጋህ ላይ፣
እናትህ መጥታለች ዓይን ዓይንህን ልታይ።»

ቃሉ ደህና ነው፣ ዜማውም ደህና ነው። ነገር ግን በለቅሶ ቤት ድንጋይ የምታስለቅሰው ሴት እዚህ የደረቀች ሆነች። አንዲት የተቀጠረች ለቀስተኛ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ጢሞቲዎስ ስድስት ጊዜ አስደገማቸው። በየመሃሉ ስሜነሽ ካሜራውን ገልመጥ ታደርጋለች፣ «ፊቴ ይታያል?» ትለዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ይደርቅባታል። እሷ ራሷ ምክንያቱን ታውቀዋለች። ሙሾው ሊመጣ ሲል ከሆዷ አንድ ስም ይነሳል፤ ያ ስም እንዳይወጣ ጥርሷን ስትነክስ ሙሾውም አብሮ ይቀራል። በር ዘግቶ ማን ያለቅሳል?

ያን ዕለት ማታ ጢሞቲዎስ አሰበና አንድ ዘዴ መጣለት። ሴትየዋን ያደረቃት ካሜራው ነው አለ። ስለዚህ ካሜራውን ከመንገዱ አርቀን ዲከረንሱ ውስጥ እንደብቀው፣ ሰዎቹም እንሰወር፣ ሬሳው ብቻውን ከነለቀስተኛው ይሂድ፣ እኛ ከሩቅ እናነሳለን አለ። ለተቀጠሩትም በጥብቅ ነገራቸው፦ ወደ ካሜራ ማየት የለም፣ ከመንገድ መውጣት የለም፣ ምንም ቢመጣ ስለ ፊልም ማውራት የለም፣ እኔ «ቁም» እስክል ድረስ ማልቀስ ነው። ኪዳኑንም፦ «አንተ ሬሳ ነህ። እኔ ካላልኩህ በቀር ትንፋሽህ እንኳ እንዳይታይ» አለው።

ደግ ዘዴ ነው። ችግሩ ማግስቱ የገበያ ቀን መሆኑ ነበር።

በዚህ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ሰው አይቀመጥም። የሚያርስ በሬውን ይፈታል፣ በበቅሎ የሚሄድ ይወርዳል፣ ገበያተኛ ሸክሙን መንገድ ዳር ያወርዳል። ሟቹን አወቀውም አላወቀውም ጥቂት ሳይሸኝ አይመለስም፣ ነገ የእሱ ነውና። ይህን ለጢሞቲዎስ የነገረው የለም። ዳንግላ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ይኖራል ብሎ ማን ይጠርጥር? እሱ ያደገው ግን ሰው ሲሞት ቤት ውስጥ በሚዘመርበት ጉባኤ ነው፤ ሬሳ መንገድ ላይ የሚያሰባስበውን ሕዝብ ተከትሎ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ቃሬዛው ተነሳ። ስሜነሽ ከኋላ ተከተለች። ካሜራው ስለማይታያት ይሁን ወይም መንገዱ ስላስረሳት እንጃ፣ ድምጿ ከትናንቱ ለስለስ ብሎ መጣ። ገና መቶ እርምጃ ሳይሄዱ በቀኝ በኩል የሚያርሰው ገበሬ በሬዎቹን ፈታ። ጅራፉን ማሳው ላይ ጥሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ተቀላቀለ። ከፊት ሦስት ሴቶች የገበያ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና እየጮሁ መጡ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወረዱ። ዲከረንሱ ውስጥ ጢሞቲዎስ ደስታው ወሰን አጣ። «እነዚህን ማን ቀጠራቸው? እንዴት ያለ ትወና ነው!» አለ፤ ካሜራ ያዡን «አታቁም!» አለው።

የተቀጠሩት አሥራ ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ስለ ፊልም አታውሩ ስለተባሉ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ከባላገር ሴቶቹ አንዷ ስሜነሽን አወቀቻት። የዚህች ሴት እናት በሞተች ጊዜ ያስለቀሰቻት ስሜነሽ ነበረች። ለጓደኛዋ በአውኚ አንሾካሾከች፣ ጓደኛዋም ለሌላዋ። ወሬው ከቃሬዛው ፊት ፊት ሮጠ፦ ስሜነሽ ናት የምታለቅሰው። ስሜነሽ እያለቀሰች ቃሬዛ የምትከተለው፣ ሌላ ማንም ዘመድ ከፊት ሳይኖር፣ ማን ቢሆን ነው? ያ ሱዳን ነው የተባለው ልጅ ነው እንጂ! ሬሳው መጣላት!

ስሜነሽ «ልጇ ነው፣ ልጇ ነው» የሚለውን ስትሰማ «አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች፣ ሴቶቹ ግን ከበው ግራና ቀኝ ያዟት፣ ጩኸታቸው ድምጿን ዋጠው። «ውብአየሁ» የሚለው ስም ከአፏ ጠፋ። ወደ ዲከረንሱ ዞራ እጇን አወዛወዘች። ጢሞቲዎስ ከሩቅ አይቶ ትወና መሰለው።

ስልክ ያለው ሰው ስልኩን አወጣ። የዚያን ቀን ኔትወርክ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በፈለገችው ቀን የማይገኘው ኔትወርክ። ከተማ ውስጥ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ማናየሽ የራሷንም የስሜነሽንም ድንች ባለበት ጥላ ሮጠች፤ የባሏ ወንድም መጣ፣ የእድሩ ዳኛ መጣ። ብዙ ሳይቆይ መንገዱ በሕዝብ ጠቆረ። ያኔ ነው ጢሞቲዎስ ነገሩ የገባው። በጣሊያን ዘመን መንገድ ላይ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ አየ።

«ቁም! ቁም! ኧረ አቁሙ!» እያለ ከዛፉ ውስጥ ሮጦ ወጣ። ማን ይስማው።

ባጃጁን ሳያጠፋው ዘሎ የወረደው ደርበው ነበር። ወሬው መናኸሪያ ነው የደረሰው፣ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርዶ ነው የመጣው። ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ ገብቶ ቃሬዛው ላይ ወደቀ። የተሸከሙት ሰዎች ከበዳቸውና መሬት አስቀመጡት። ደርበው የተገነዘውን ሰው እግር በሁለት እጁ አቅፎ፦

«ወንድሜ! ወንድሜ ቢያድግልኝ! አወጡህ? ከዚያ ጉድጓድ አወጡህ?» አለ።

ሴቶቹ እንደያዟት ስሜነሽ ቆመች። ማልቀሷን አቆመች። ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው፣ እሷ ግን ከጩኸቱ ሁሉ ያንን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሰማችው። የያዟትን እጆች አንድ በአንድ ከላይዋ አነሳችና ሄዳ በደርበው ፊት ቆመች።

«ከየትኛው ጉድጓድ?» አለችው።

ደርበው ቀና ብሎ አያት። ፊቱ በአቧራና በእንባ ተለውሷል።

«ከየትኛው ጉድጓድ ነው፣ ደርበው?»

«ተናደበት» አለ። «እትዬ ስሜነሽ፣ ተናደበት። ገብቶ ሲቆፍር ከላይ ተናደበት። እኔ ከላይ ነበርኩ። በእጃችን ቆፈርን፣ አካፋውም አብሮት ነው የተቀበረው። ድምፁ ይሰማን ነበር።»

ሕዝቡ ከፊት ወደ ኋላ ዝም እያለ ሄደ። ከኋላ ያሉት ገና ይጮሃሉ።

«ምን አለ?»

ደርበው ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለ ነው የምልህ! ድምፁ ይሰማ ከነበረ ምን አለ?»

«"ለእማዬ እንዳትነግራት" አለኝ። ሌላ አላለኝም። እሱንም ሁለት ጊዜ አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ሱዳን ነው አልኩዎት። እትዬ ስሜነሽ፣ እሱ እኮ ነው እንዳትነግራት ያለኝ፤ አሁን አምጥተውት ካዩት በኋላ... እኔ አምጥተውታል ብዬ እኮ ነው...»

ይህን ሲል እጁ አሁንም ቃሬዛው ላይ ነበር። ኪዳኑ ከግንዛቱ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። አይንቀሳቀስ ተብሏል፣ አልተንቀሳቀሰም። ነገር ግን ማልቀስ አትችልም ያለው የለም፤ በፊቱ ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ሁለት ቦታ ላይ ረጠበ። መጀመሪያ ያየችው ማናየሽ ናት፣ ጮኸች። ደርበው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ሰዎች ወደ ኋላ ተገፋፉ፣ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሮጠ። ጢሞቲዎስ በዚያ መሃል ደርሶ፣ እያለከለከ፣ «ፊልም ነው! ይቅርታ፣ ፊልም ነው! ሰው አልሞተም!» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ሰዓት ባይነገር ይሻል ነበር። በበቅሎ የመጡት ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። «ተቀለደብን! በሬዬን ፈትቼ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእድሩ ዳኛ የጢሞቲዎስን ክንድ ያዘ።

«ተዉት» አለች ስሜነሽ።

ድምጿ ከፍ አላለም፣ ግን ሁሉም ሰማት። ጎንበስ ብላ ከኪዳኑ ፊት ላይ ጨርቁን ገለጠች። አዲስ አበቤው ልጅ ዓይኑ ቀልቶ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ያያታል።

«ኪዳኑ ልጄ፣ ተነስልኝ» አለችው። «አንተ ደህና ነህ። እናትህ አታልቅስብህ። ተነስና አልጋውን ለቢያድግልኝ ልቀቅለት።»

ፈትታ በራሷ እጅ አወጣችው። ተነስቶ ቆመ። ስሜነሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ማንም አልቀለደባችሁም» አለች። «በሬያችሁን የፈታችሁት፣ ዘንቢላችሁን ያወረዳችሁት በከንቱ አይደለም። የልጄ ለቅሶ ነው፣ ደርሳችሁልኛል። ከእናንተ የዘገየሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ደርበውን በክንዱ ይዛ አስነሳችው። ልትመታው ነው ብለው ያሰቡ ነበሩ። «አንተም ቃልህን ጠብቀህለታል፤ የሚታዘንብህ አይደለህም» አለችው። «እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል። እናት ካልተነገራት ታርፋለች ብሎ ነው።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ባዶው ቃሬዛ ላይ ዘረጋችው።

«አንሱት» አለች።

ሰው ግራ ገባው። ባዶ ቃሬዛ ማን ያነሳል? ከዚያ ደርበው ጎንበስ ብሎ የፊቱን እንጨት ያዘ። ኪዳኑ ከነግንዛት ጨርቁ በሌላው በኩል ገባ። ጢሞቲዎስ ከእድሩ ዳኛ እጅ ወጥቶ ከኋላ ያዘ፣ ዳኛውም ቀና ብሎ አየውና አራተኛውን እሱ ያዘው። አነሱት። በዲከረንሱ ውስጥ ካሜራ ያዡ ካሜራውን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ።

ስሜነሽ ከኋላ ተከተለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በጥርሷ የያዘችው ስም ወጣ፦

«ሱዳን ነው እያሉኝ በሩቁ ስቃኝ፣
ቢያድግልኝ ልጄን አፈር ቀደመኝ።»

በጥርባ መንገድ ላይ ሙሾዋን ያልተቀበላት ሰው አልነበረም።